ሳይዘራ የበቀለውን ዕፅ መለየት
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

የሰኔ ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን፣ በችግኝ ጣቢያና በጓሮ አትክልት መደብ ላይ ማንም ያልዘራው ቡቃያ ብቅ ይላል። አንዳንዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጎመን፣ ዱባ ወይም ቲማቲም ካለፈው ዓመት ፍሬ ወድቆ የበቀለ ነው። አንዳንዱን ግን በአጥቢያው ተወልደው ያደጉ አረጋውያን እንኳ «ይህስ ከወዴት መጣ?» ብለው ይጠይቁበታል። መልስ ሳይገኝ ክረምቱ ያልፋል፤ ዕፁም አብቦ፣ አፍርቶ፣ ዘሩን በዙሪያው ይበትናል። በሚቀጥለው ዓመት አንድ የነበረው በመቶ ተባዝቶ ይገኛል።

በዚህ ጊዜ በብዙ አጥቢያዎች የሚወሰደው እርምጃ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ለክብረ በዓል ሲባል በሚደረገው የጽዳት ዘመቻ የበቀለውን ሁሉ ሳይለዩ መመንጠር ነው። ሁለተኛው «አረንጓዴ ነው፤ ምን ይጎዳል?» ብሎ ሁሉንም መተው ነው። በመጀመሪያው መንገድ ወፎች ዘርተውት በግንቡ ሥር የበቀለው የወይራ፣ የጽድ ወይም የዝግባ ችግኝ ከአረም ጋር ተነቅሎ ይጣላል። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ሰውንና ከብትን የሚጎዳ መጤ አረም በቅጥሩ ውስጥ ይደላደልና ወደ ምእመናን ማሳ ይወጣል። ሁለቱም ጉዳቶች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ እርሱም የበቀለው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አለመድከም ነው። ይህ ትምህርት የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያልታወቀን ዕፅ በሥርዓት መርምረው እንዲወስኑ ለመርዳት የቀረበ ነው።

1. ዕፁ ከወዴት መጣ?

ሳይዘሩት የበቀለ ዕፅ ሁሉ የመጣበት መንገድ አለው። መንገዱን ማወቅ ለመለየት ከሚደረገው ሥራ ግማሹ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ቡቃያውን ከማየቱ በፊት ቦታውን ይመልከት።

ቡቃያው የተገኘው ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ወፍ በሚያርፍበት አጥር አጠገብ ከሆነ ዘሩን ያመጡት ወፎች ሊሆኑ ይችላሉ። ወይራ፣ ጽድና የወፍ ቆሎ በዚህ መንገድ ይዛመታሉ። የተገኘው ጎርፍ በሚያልፍበት ቦይ ዳር ከሆነ ከላይ ካለው ማሳ ወይም መንገድ ታጥቦ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለግንባታ የመጣ አሸዋ፣ ጠጠር ወይም አፈር በተከመረበት ስፍራ ከሆነ ዘሩ ከነአፈሩ ተጭኖ መጥቶ ይሆናል። በመኪና ጎማና በሰው ልብስ ላይ ተጣብቆ የሚመጣም አለ፤ በንግሥ ቀን ከሩቅ ሥፍራ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ደብር ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ሁለት ምንጮች ግን በተለይ ይዘነጋሉ። አንደኛው ለበዓል የሚመጣው ቄጠማና ሣር ነው። ከበዓሉ በኋላ ተጠርጎ በቅጥሩ ጥግ ሲከመር በውስጡ የነበረው ዘር እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ከችግኝ ጣቢያ የሚመጣ ችግኝ ነው። በፕላስቲክ ከረጢቱ አፈር ውስጥ የሌላ ዕፅ ዘር ተደብቆ ሊመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ኃላፊነቱ በእኛም ላይ ይወድቃል፤ ለሌሎች አጥቢያዎች ችግኝ የሚያከፋፍል ደብር በችግኙ ጣቢያ ውስጥ ያልታወቀ አረም ካለበት በበጎ አድራጎቱ መካከል ጉዳትን ያከፋፍላልና።

2. አለማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ

«አንድ አረም ምን ያመጣል?» ለሚል ጥያቄ ከታወቁ ታሪኮች ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው በሀገራችን የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ በአንድ የገጠር መንደር ሆድ የሚያሳብጥና ለሞት የሚያደርስ የጉበት ሕመም ታየ። መንስኤው ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በመጨረሻ ምርመራው ያመለከተው አጄራተም ኮኒዞይደስ ወደሚባል፣ ጥቃቅን ነጭ ወይም ሰማያዊ አበባ ወዳለው፣ ራሱን ወደሚዘራ አረም ነበር። የአረሙ ዘር ከእህል ጋር ተደባልቆ ይበላ ነበር፤ በውስጡም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለ። በማሳ ላይ ሁሉም ያየው ዕፅ ማንነቱና ጠባዩ ባለመታወቁ ቤተሰቦችን ጎድቷል።

ሁለተኛው በሕንድ የሆነ ነው። አርጌሞኔ የሚባለው ዕፅ ቅጠሉ እሾሃማ፣ አበባው ቢጫ፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽም ቢጫ ነው። ይህ ዕፅ በሀገራችንም በመንገድ ዳርና በማሳ ውስጥ ይገኛል። ዘሩ ጥቁርና ደቃቅ ስለሆነ ከሰናፍጭ ዘር ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በዴልሂ ከተማ የሰናፍጭ ዘይት ከዚህ ዕፅ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ በመሸጡ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ሦስተኛው ቅንጨ አረም ነው። ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር የሆነው ይህ አረም በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በምሥራቁ ክፍል መታየቱ ተመዝግቧል። አገባቡን በተመለከተ ከእርዳታ እህል ጋር መጣ የሚሉም፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከተሽከርካሪዎች ጋር ገባ የሚሉም አሉ። ዛሬ በብዙ አካባቢ የማሽላና የግጦሽ መሬትን ይዟል። የሚነካው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፤ ብናኙ አስም ያስነሣል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል። አንዲት ቅንጨ አረም ከ15,000 በላይ ዘር ልታፈራ ትችላለች። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ነቅሎ መጣል የአንድ ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የመላው አጥቢያ ጭንቀት ይሆናል።

3. ለመለየት የሚያገለግሉ ምልክቶች

ዕፅን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ አንድ ሕግ ይያዝ። በመጀመሪያ ይመልከት፤ ቀጥሎ ጓንት አድርጎ ይንካ፤ ቅንጨ አረም አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ያሽትት፤ ያልታወቀን ዕፅ ግን ፈጽሞ አይቅመስ። «የአያቶቻችን መድኃኒት ነው» የሚል ወሬ ቢሰማም ሕጉ አይለወጥም። ሕፃናትም ይህን ሕግ ይማሩ።

ምርመራው የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይመልሳል።

ሀ. ቁመናው፦ ግንዱ ለስላሳ ነው ወይስ እንጨታማ? ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በመሬት ይሳባል ወይስ በሌላ ላይ ይጠመጠማል?

ለ. ግንዱ፦ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ጣትና ጣት መካከል ይዞ ማሽከርከር ይበቃል። እንደ ዳማከሴና በሶብላ ያሉት ግንዳቸው አራት ማዕዘን ነው። እሾህ ወይም ፀጉር አለው?

ሐ. የቅጠሉ አቀማመጥ፦ ከአንድ አንጓ ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት ይወጣሉ ወይስ አንድ በአንድ ግራና ቀኝ ይፈራረቃሉ?

መ. የቅጠሉ መልክ፦ ዳሩ ለስላሳ ነው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው ወይስ እንደ ካሮት ቅጠል ተሰነጣጥቋል? የላዩና የታቹ ቀለም አንድ ነው?

ሠ. ፈሳሹ፦ ቅጠሉ ሲቆረጥ እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት ይወጣዋል? ቢጫ ነው? ወይስ እንደ ውኃ ነው? ፈሳሹ ዓይንን እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል።

ረ. አበባው፦ ቀለሙ ምንድን ነው? የአበባው ቅጠሎች ስንት ናቸው? ለብቻው ይወጣል ወይስ ብዙ ሆኖ በአንድ ራስ ይሰበሰባል?

ሰ. ፍሬውና ዘሩ፦ ቆባ ነው፣ እንጆሪ መሰል ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ባቄላ እሸት ነው? ሲደርቅ በስንት ይከፈላል?

አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሰባቱ በአንድነት ሲመሰክሩ ግን ስሕተቱ ይጠባል። በተለይ በቅጠል ብቻ መፍረድ አሳሳች ነው፤ የብዙ ዛፎች ልጅ ወላጁን አይመስልምና። የጽድ ችግኝ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሚወጋ ሲሆን ሲያድግ ግን እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ይለሰልሳል። ባሕር ዛፍም በልጅነቱ ቅጠሉ ክብና አመድማ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ነው፤ ሲያድግ እንደ ማጭድ ይረዝማል። እናት ዛፏን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ልጇን ያውቃል ማለት አይደለም።

4. ደጋግመው የሚገኙ እንግዶች

ቅንጨ አረም፦ በልጅነቱ ቅጠሉ በመሬት ላይ ተዘርግቶ ክብ ይሠራል፤ ቅጠሉ እንደ ካሮት የተሰነጣጠቀ ነው። ቀጥሎ ሸንተረር ያለው ግንድ ያወጣና ወደ ላይ ይቀረንፋል። አበባው ነጭና ደቃቅ ሆኖ በብዛት ይታያል። ቅጠሉ ከአሪቲ ጋር ሊምታታ ይችላል፤ አሪቲ ግን ግራጫማና መልካም ሽታ ያለው ነው።

አስተናግር፦ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ ይባላል። ቅጠሉ ሰፊና ጥርሳም፣ ሽታው የሚከረፋ፣ አበባው ነጭ ሆኖ እንደ መለከት የረዘመ ነው። ፍሬው እሾሃማ ክብ ቆባ ሲሆን ሲደርቅ በአራት ይከፈላል፤ በውስጡም በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ይገኛል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል፣ የማይገናኝ ነገር ይናገራል። ስሙ ራሱ ይህን ያስተምራል፤ የቀደሙት ሰዎች ዕፁን የጠሩት በሚያደርሰው ጉዳት ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል አንድ ጊዜ ነቅሎ መተው አይበቃም። ሕፃናት በሚጫወቱበት ቅጥር ውስጥ ሊተው አይገባም።

የወፍ ቆሎ፦ ለአጥርና ለጌጥ ከሌላ አህጉር የመጣ ቁጥቋጦ ነው። ግንዱ አራት ማዕዘንና እሾሃማ፣ ቅጠሉ ሻካራ፣ አበባው በአንድ ራስ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ቀለም የሚያሳይ ነው። ወፎች ጥቁር ፍሬውን በልተው በየደኑ ይዘሩታል። ከብት ሲበላው ይታመማል።

የሀገር በቀል ዛፎች ችግኝ፦ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባ፣ ጽድና ሌሎችም በቅጥሩ ውስጥ በራሳቸው ይበቅላሉ። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ጥናት የከብት ግጦሽ የእነዚህን ዛፎች ችግኝ እንዳያድግ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ከብት የሚያደርሰውን ጉዳት ያልተማረ ማጭድም ያደርሰዋል። ያረጁት ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው ዛሬ በጣት ቁመት ያለው ችግኝ ነው፤ እርሱ በየዓመቱ ከተመነጠረ ደኑ ቆሞ የሚታይ ቢሆንም ተተኪ የለውም።

5. መቼ ይጠበቅ? መቼ ይነቀል?

እዚህ ላይ ኮሚቴውን የሚያስቸግር ጥያቄ ይነሣል። ዕፅን በእርግጠኝነት ለመለየት አበባውና ፍሬው ያስፈልጋል። ነገር ግን መጤ አረም ከሆነ አበባ ከታየ በኋላ ዘር ለመበተን የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነው። ቅንጨ አረም ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ማበብ ይችላል። እንግዲህ ለማወቅ ብንጠብቅ ይዘራብናል፤ ሳናውቅ ብንነቅል ችግኛችንን እናጠፋለን።

በዚህ ጉዳይ ላይ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለውን የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌ የሚያነሡ አሉ። እንክርዳድ በእርግጥም እስኪያሸት ድረስ ስንዴን የሚመስል ዕፅ ነው፤ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ጌታ ምሳሌውን ራሱ ሲፈታ እርሻው ዓለም መሆኑን ተናግሯል፤ ምሳሌው ስለ ሰዎች ፍርድ እንጂ ስለ አረም አያያዝ የተሰጠ መመሪያ አይደለም። ከምሳሌው ለሥራችን የምንወስደው ቢኖር ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል የተደረገውን ጥንቃቄ ነው።

ለችግሩ የሚሆነው መፍትሔ አንድ ምስክር ማስቀረት ነው። አፈጻጸሙም እንዲህ ነው። ያልታወቀው ዕፅ በብዛት ከበቀለ ሁሉም አይጠበቅም። ከመካከሉ ጤናማ የሆነ አንድ ወይም ሁለት ቡቃያ ከነአፈሩ ወደ አሮጌ ባልዲ ወይም ወደ ተቆረጠ ጀሪካን ይዛወራል። ሕፃናትና ከብት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥና ምልክት ይደረግበታል። ማበብ ሲጀምር ራሱ በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ዘሩ እንዳይበተን ነው። በመደቡ ላይ የቀረው ለስላሳ ቡቃያ ሳያብብ ይነቀላል። ግንዱ እንጨታማ የሚመስለው፣ በዛፍ ሥር ወይም በግንብ ዳር ለየብቻው የበቀለው ግን የዛፍ ችግኝ ሊሆን ስለሚችል ዙሪያው ብቻ ተጠርጎ እስኪለይ ይቆያል። የዛፍ ችግኝ በአንድ ክረምት አብቦ አይዘራምና መጠበቁ አይጎዳም። ፈጥኖ የሚያብብ ይፈጠንበት፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ይታገሡት።

6. ማንን እንጠይቅ?

አስቀድሞ የአጥቢያው ሰዎች ይጠየቁ። ማሳ የሚያርሙ እናቶች፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆችና ዕፅ የሚያውቁ አባቶች ብዙ ዕውቀት አላቸው። ይሁን እንጂ ስም ብቻ አይበቃም። አንድ ዕፅ በሁለት ወረዳ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ስምም ለሁለት የተለያዩ ዕፅዋት ይሰጣል። ስለዚህ «ስሙ ማን ነው?» ከማለት ጋር «መቼ መጣ? ከብት ይበላዋል? አበባው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በአጥቢያው ካልታወቀ ናሙና ይዘጋጅ። ከሥር እስከ አበባ፣ ቢቻል ከነፍሬው ያለ አንድ ዕፅ በጋዜጣ መካከል ይዘረጋል፤ በሁለት ሳንቃ መካከል ተደርጎ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ጋዜጣው በየቀኑ እየተለወጠ እስኪደርቅ ይቆያል። በወረቀት ላይም የተገኘበት ቦታ፣ ቀን፣ ቁመቱ፣ የአበባው ቀለምና የአካባቢው ስም ይጻፋል። ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ ይህ ጽሑፍ ከናሙናው አይለይ። ፎቶግራፍ የሚነሣ ከሆነ ሙሉው ዕፅ፣ የቅጠሉ ላይና ታች፣ ግንዱ፣ አበባውና ፍሬው ለየብቻ ይነሡ፤ መጠኑን ለማሳየት እስክሪብቶ አጠገቡ ይቀመጥ።

ናሙናው በመጀመሪያ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ቀጥሎም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ ላለ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ይቅረብ። ከዚያ በላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ባለ ብዙ ቅጽ መዝገብ የተዘጋጀው በዚያ ነው። በስልክ ፎቶግራፍ ዕፅን የሚለዩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ የሚሰጡት መልስ ግን ለጥያቄ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። በስልክ ቃል ብቻ ዕፅን መብላት ወይም ለሕመምተኛ መስጠት አይገባም።

7. ከታወቀ በኋላ

ማንነቱ የታወቀ ዕፅ ከሦስት ዕጣ አንዱ ይደርሰዋል።

ይቆይ፦ የሀገር በቀል ዛፍ ችግኝ ከሆነ በእሾህ ወይም በድንጋይ ይታጠር፤ ስሙ ተጽፎ ይመዝገብ።

ይዛወር፦ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ በግንብ መሠረት ወይም በመቃብር ላይ የበቀለ ከሆነ በክረምቱ እርጥበት ወደ ተስማሚ ቦታ ይተከል።

ይወገድ፦ ጎጂ ከሆነ ሳያብብ ከነሥሩ ይነቀል። ቅንጨ አረምን የሚነቅሉ ሰዎች ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይልበሱ፤ አስም ያለበት ሰው አይሰማራ። አብቦ ከተገኘ በከረጢት ታስሮ ይወሰድና ደርቆ ይቃጠል። ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ወይም ወደ ወንዝ አይጣል። አስተናግር ግን ጭሱም ስለሚጎዳ አይቃጠልም፤ ፍሬው ሳይከፈት ተሰብስቦ በጥልቀት ይቀበራል። ቦታው በሚቀጥሉት ዓመታት ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ይጎብኝ፤ ባዶ እንዳይቀርም ሣር ወይም ችግኝ ይተከልበት። ባዶ የተተወ መሬት ሌላውን አረም ይጋብዛልና።

ኮሚቴው ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ይኑረው። በየዓመቱ የትኛው ዕፅ በየትኛው ጥግ እንደታየ፣ ማን እንደለየውና ምን እንደተወሰነ ይጻፍ። የኮሚቴ አባላት ይለወጣሉ፤ አረጋውያንም ያልፋሉ፤ ደብተሩ ግን ለሚተካው ይናገራል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሰኔ በፊት ሁለት ሰው ተመርጦ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅጥሩን ቢዞር ይበቃል።

ለሰበካ ጉባኤ የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዐጸዳችን ውስጥ ባለፉት ሦስት ዓመታት አዲስ የታየ ዕፅ አለ? በመጀመሪያ የታየው በየትኛው ጥግ ነው?

2. የበዓል ቄጠማ፣ የግንባታ አሸዋና ከሌላ ቦታ የመጣ ችግኝ የት ይራገፋል? ቦታውን የሚጎበኝ ማን ነው?

3. በጽዳት ዘመቻ ቀን ማጭድ የሚይዙት ወጣቶች የወይራንና የጽድን ችግኝ ከአረም መለየት ይችላሉ? ካልቻሉ ማን ያሳያቸው?

4. ከችግኝ ጣቢያችን ለሌሎች አጥቢያዎች የሚሰጠው ችግኝ ከመውጣቱ በፊት አፈሩ ይመረመራል?

5. በአጥቢያችን ዕፅዋትን በስማቸውና በጠባያቸው የሚያውቁ አረጋውያን እነማን ናቸው? ዕውቀታቸውን ለመመዝገብ መቼ እንጀምር?